በዶሎን አቀበት የሸተተው

«እስቲ ኤሰንኩል ይንገረን፤ ሽታው ወጥቷል ወይስ ዘይቱ ገና ነው?» አሉ ሽማግሌው ቤይሼናሊ።

በግቢው ጥግ በተጣደው ሰፊ ብረት ድስት ሴቶች ለሞተ ሰው የሚጠበሰውን ሰባቱን ቂጣ ይጠብሳሉ። ቀኑ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ዘይት ይግልና ሊጥ ይጣልበታል። ከዚህ ዓለም ምግብ ለሞተ ሰው የሚደርሰው ሽታው ብቻ ስለሆነ፣ ሽታው በደንብ ሳይወጣ ማንም ቂጣውን አይቆርስም። ኬንጄካን የተቀበረችው ትናንት ነበርና ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ለልቅሶው ከተተከለው የሱፍ ድንኳን ደጅ ወገባቸውን ታጥቀው በተርታ የቆሙት ወንዶች ሁሉ ወደ ባሏ ወደ ኤሰንኩል ዞሩ። ቢዞሩም አይፈረድባቸውም፤ በኮችኮር ሸለቆ «አፍንጫ» ከተባለ ሾፌሩ ኤሰንኩል ነው፣ መኪና ገና ሳይታመም አሽትቶ የሚያውቅ። የስድሳ አንድ ዓመቱ ሰው አንገቱን ቀና አደረገ፣ በአፍንጫው አየር ሳበ፣ እንደ ልማዱ ጥቂት ቆየና «ወጥቷል» አለ።

ምንም አልሸተተውም። ድፍን አስራ ዘጠኝ ዓመት የምግብም ሆነ የቤንዚን፣ የአበባም ሆነ የፍግ ሽታ ደርሶት አያውቅም። ይህን የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷን ደግሞ ትናንት በገዛ እጁ አፈር አልብሷት መጣ።

ወተትና ጨው ያለበት ሻይ ቀረበ። ወሬውን የያዘው ጁማሽ ነበር። ጁማሽ ከኤሰንኩል ጋር በዶሎን ተራራ መንገድ ሃያ ዓመት የነዳ፣ ዓይኑ ደክሞ መሪ ከተወ በኋላ ደግሞ የጓደኛውን ዝና መንዳት የያዘ ሰው ነው። ያንን የፍሬን ታሪክ ያላወራበት ሻይ ቤት የለም፤ አሁንም ለልቅሶ ከሩቅ ለመጡት አወራላቸው። ኤሰንኩል ተሳፋሪ ሞልቶ ከዶሎን ሲወርድ፣ ሰው ሁሉ ሲያንቀላፋ፣ አፍንጫውን ነፋ አድርጎ መኪናውን ማቆሙንና ውረዱ ማለቱን፤ ሰው እያጉረመረመ ሲወርድ የኋላው ጎማ ብረት ቀልቶ መታየቱን፤ የሚቀጥለው ኩርባ ገደል አፋፍ ላይ መሆኑን። ሰሚዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ ሟቿም እዚያ ነበረች ወይ ብሎ ጠየቀ።

«የት ትቀራለች?» አለ ጁማሽ። «አላህ ይዘንላትና፣ የፊት ወንበሩን ስታሞቅ ነው የኖረችው።»

በደግነት ነው ያለው፤ የሰሙትም በደግነት ፈገግ አሉ። ሾፌሮቹ ድሮም ኤሰንኩል ሚስቱን ቤት ጥሎ መውጣት ይፈራል፣ አንድ ተሳፋሪ የሚጫንበትን ወንበር ለፍቅር ያባክናል እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ኤሰንኩል ሻዩን ወደ አፉ አስጠግቶ ሳይጠጣው መለሰው። ያሸተተችው እሷ ናት ሊል ነበር። አላለም።

በድንኳኑ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የተቀመጡት ሴቶች ያለቅሳሉ። ሙሾ ማውረድ የልጅ ወይም የእህት ወግ ነው። ኬንጄካን ልጅ አልወለደችም፤ ብቸኛ እህቷ ባትማካን ያለችው ከዶሎን ማዶ ነው፣ አቀበቱ ደግሞ በበረዶ ተዘግቷል። ስለዚህ ጎረቤቶች አወረዱላት። እጇ ለጋስ ነበር አሉ፤ ሻይዋ ጨው አይበዛበትም አሉ። ኤሰንኩል ከውጭ ሆኖ አዳመጠ። ለሸለቆው ሴት ሁሉ የሚሆን ሙሾ ነው፤ ኬንጄካን ብትሰማው የማን ልቅሶ ነው ብላ ትጠይቅ ነበር።

የአፍንጫው ነገር የጀመረው ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በበረዶው ወራት በያዘው ትኩሳት ነው። ከአልጋ በተነሣ ማግስት የተበላሸ ሥጋ ግማሽ ሳህን በልቶ አላወቀውም። ሚስቱ ሳህኑን ነጥቃ አፍንጫው ስር ሽንኩርት ያዘችለት፣ ከዚያ ነጭ ጋዝ፣ ከዚያ የራሱን ካልሲ። ካልሲው ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ሳቁ፤ ኋላ እሱ አለቀሰ። ያቺ አሮጌ መኪና በየጉዞው አንድ ነገር ሳታቃጥል አትገባም፤ አፍንጫ የሌለው ሰው በእሷ ዶሎንን ልውጣ ማለት ዓይኑን ጨፍኖ እንደ መንዳት ነው። ወሬው ከተሰማ ደግሞ ማን ይሳፈራል? ኬንጄካን ያን ቀን ብዙ አልተናገረችም። በማግስቱ ማለዳ ሻርፗን አስራ ከመኪናው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት።

ምልክቱን ያወጣችው እሷ ናት። ቀኝ ጉልበቱን በአንድ ጣት ከነካችው ዘይት ነው። በሁለት ከሆነ የራዲያተር ውሃ፣ እሷ እንደምትለው የተቃጠለ ስኳር የሚሸተው። በሦስት ፍሬን፣ የተለበለበ ፀጉር። በአራት የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የከረመ ዓሣ የሚሸተው፤ አራት ከሆነ ያኔውኑ ሞተር ማጥፋት ነው። ኋላ የተቀመጠ ሰው ይህን አያይም። ኤሰንኩል ጥቂት ይነዳና አፍንጫውን ይነፋል፣ አንድ ነገር ሸተተኝ ይላል፣ ወርዶ ይጠግናል። ሰው ያደንቃል። ኬንጄካን በመስኮት ወደ ውጭ ትመለከታለች።

ዓርብ የዶሎን መንገድ ተከፈተ። ቅዳሜ ጠዋት ኤሰንኩል ባትማካንን ላምጣ ብሎ ተነሣ፤ በማግስቱ ሰባተኛው ቀን ነው፣ እህት ሳትደርስ አይሆንም። ሽማግሌው ቤይሼናሊ ሐዘንተኛ ድንኳኑን ጥሎ አይሄድም ብለው ተቆጡ። ያቺን መኪና ከእኔ በቀር የሚያዛት የለም አላቸው። እውነቱን ነው፤ ግን ሙገሳውም አንገፍግፎት ነበር። ጁማሽ ብቻህንማ አትሄድም አለና የፊት ወንበር ላይ ገብቶ ተቀመጠ።

መንገዱን ሁሉ ጁማሽ ሲያወራ ኤሰንኩል ስለ ጉልበቱ ያስብ ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመት ከእሷ እጅ ሳይርቅ የኖረ ጉልበት ነው፤ አሁን የመኪናው ማሞቂያ እየነፋበት እንኳ ይበርደዋል። ቤቱ ባዶ ይሆንብኛል ብሎ ፈርቶ ነበር፣ አልጋው ይሰፋብኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። ብቸኝነት ጉልበት ላይ መጥቶ ይቀመጣል ብሎ ግን ገምቶ አያውቅም።

ባትማካን የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ የእህቷ ቀብር ስላመለጣት ሳምንቱን ሙሉ እህል በአግባቡ አልቀመሰችም። ሰባቱን ቂጣ በገዛ እሳቴ ጠብሼላት ካልሆነ ከቤቴ አልነቃነቅም አለች። እሷ እስክትጨርስ ኤሰንኩል ደጅ ቆሞ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ላይ ዘይት ጨመረ። ገና ሲጨምር ሻይ ቀረበ ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጠራ። ገብቶ ጠጣ፣ ተመልሶ ኮፈኑን ዘጋ፣ ተነሡ። ባትማካን ትኩሱን ቂጣ በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላ ተቀመጠች።

ብዙም ሳይርቁ «ሙሽራው» ብላ ጠራችው። የሚስቱ ወገኖች ጢሙ ከሸበተም በኋላ የሚጠሩት እንዲሁ ነው። «አሁን ስንደርስ ከበሩ ጀምሬ ማልቀስ አለብኝ። ምን ብዬ ላልቅስላት?»

«ደግ ነበረች፣ እትዬ።»

«ደግነቷንማ ጎረቤትም ያለቅሰዋል። እኔ እዚህ ከተዳርኩ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ይሄ ተራራ መሃላችን ተጋድሞ፣ እህቴን ያየኋት በሠርግና በቀብር ነው። አንተ ሌት ተቀን አብረሃት ነበርክ። ለሌላ ሴት የማይሆን፣ የእሷ ብቻ የሆነ አንድ ነገር ንገረኝ።»

ኤሰንኩል ማርሽ ቀየረ። የሚነግራት ነገር አጥቶ አይደለም። ከጎኑ ጁማሽ ተቀምጧል፤ ጁማሽ የሰማው ነገር ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮችኮርን ያዳርሳል። ላስብበት አላት። ባትማካን በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብላ አየችውና ፊቷን አዞረች።

አቀበቱ ጀመረ። በረዶ ጠራጊው መኪና ያለፈበት መንገድ ጠባብ ነው፤ በግራም በቀኝም በረዶው ቁመቱ ከሰው ወገብ በላይ ተቆልሏል። ከኋላቸው ከሰል የጫነ ከባድ መኪና እያቃሰተ ይከተላቸዋል። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ማሞቂያው ይነፋል።

ጁማሽ አየር ሳበና የቂጣውን ሽታ አደነቀ። ባትማካን እስከ እህቴ ይድረስ አለች። ሁለት ኩርባ ከዞሩ በኋላ ጁማሽ ደግሞ ሽታው በረታ አለ፤ እዚሁ መኪናው ውስጥ የሚጠበስ እንጂ የተጠበሰ አይመስልም አለ። ያኔ ባትማካን እንባዋ መጣ። እህቷ እየተከተለቻቸው ነው፣ በመንገድ እየበላች ነው አለች። ጁማሽም ይህ ምን ጥርጥር አለው ብሎ አጽናናት።

ኤሰንኩል መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ቂጣው ከድስት ከወጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖታል። እየበረደ የሚሄድ ቂጣ ሽታው ይቀንሳል እንጂ አይበረታም።

እንግዲያው ከአራቱ አንዱ ነው። ዘይት ከሆነ ቀስ ብሎ ሁለት ኩርባ ወደ ላይ፣ ሰፊው ቦታ ድረስ መሄድ ይቻላል። ሽቦ ከሆነ ግን እዚሁ መንገዱ መሃል፣ የከሰሉ መኪና ከኋላ ቢገጨውም፣ ሞተር አጥፍቶ ሰው ማውረድ ነው። ጉልበቱ ሳያስበው ጣቷን ጠበቀ። ማንም አልነካውም።

«ጁማሽ፣ ሽታው ምን ምን ይላል?»

«አንተ እያለህ እኔን ትጠይቃለህ? ክፉ ነገር ቢሆን ኖሮ እስካሁን ባቆምክ ነበር።»

«እኔ አይሸተኝም።»

«ጉንፋን ይዞህ ነዋ።»

«አስራ ዘጠኝ ዓመት የሚቆይ ጉንፋን የለም። አይሸተኝም አልኩህ። አሁን የምጠይቅህን ብቻ መልስልኝ፤ ዓሣ ዓሣ ይላል?»

 የመለሰችው ባትማካን ናት። ጭኗ ላይ ያለውን ጨርቅ ፈትታ ቂጣውን አፍንጫዋ ድረስ አነሣች፣ አሸተተች፣ መልሳ ጠቀለለችው። ከዚያ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ በሁለቱ ወንዶች መካከል አየሩን አሸተተች። ዓሣ አይደለም አለች። ቂጣዋም አይደለም። ስኳር ወይስ የተለበለበ ፀጉር ብሎ ሲጠይቃት ሁለቱንም አይደለም አለች፤ ዘይት ነው፣ ግን ለመብል የማይሆን የቆሸሸ ዘይት። ኤሰንኩል ማሞቂያውን ዘጋው።

«አሁንስ?»

«ቀነሰ» አለች።

ማሞቂያው አየር የሚስበው ከሞተሩ በኩል ነው። ሲዘጋ ሽታው ከቀነሰ፣ የሚቃጠለው ከፊት፣ ኮፈኑ ስር ነው። አቀበት እየወጡ ስለሆነ ፍሬን አልተነካም። ዘይት ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ የጋለው የጭስ ቱቦ ላይ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ማርሹን ቀንሶ፣ ሞተሩን ሳያስጮህ፣ መስኮቱን ከፍቶ ወደ ላይ ቀጠለ። ሰፊው ቦታ ሲደርስ ጥግ ይዞ አጠፋው። የከሰሉ መኪና ጡሩምባውን ነፍቶባቸው አለፈ።

ከኮፈኑ ጠርዝ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ኤሰንኩል ሁለቱን አስወርዶ አራቀና ጭሱ እስኪቀንስ ጠበቀ፤ ከዚያ ቀስ አድርጎ ከፈተው። ፍለጋ አላስፈለገውም። ዘይት የሚጨመርበት አፍ ክፍቱን ነው። ክዳኑ የለም። ከአፉ የተረጨው ዘይት የሞተሩን ጎን አጥቦ ቱቦው ላይ ተጋግሯል፣ አሁንም ይጨሳል። ትንሽ ቢቆይ እሳት ይይዝ ነበር።

ቆሞ አየው። የዚህ ዓይነት ስህተት የጀማሪ እንጂ የእሱ አይደለም። ከዚያ እንዴት እንደሆነ ገባው። ዘይት በጨመረ ቁጥር ኬንጄካን ከጎኑ ቆማ ክዳኑን ትይዝለት ነበር። ጨምሮ ሲጨርስ እጁን ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ክዳኑ መዳፉ ላይ ይቀመጣል፣ ይዘጋል። ክዳን አስቀምጦ ስለማያውቅ፣ ክዳን የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። ዛሬ የሆነ ጠርዝ ላይ ጣል አድርጎት ለሻይ ገብቷል፣ መንገድ ላይ ወድቋል።

ሥራው እጁን ያዘለት። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ቱቦውንና ዙሪያውን በጨርቅ ጠረገ። ዕቃ ከሚያስርበት የአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ሁለት እጥፍ አደረገና በአፉ ላይ ወጥሮ በሽቦ አሰረው። ከዚያ በፊት ዘይቱን ለክቶ የጎደለውን ከጀሪካኑ ሞላ። ጁማሽ ይህን ሁሉ ጊዜ እጁን ከኋላ አጣምሮ ቆሟል።

«የፍሬኑ ጊዜስ?» አለ በመጨረሻ።

«እሷ ናት።»

«ከናሪን ከተማ ሙሽራ ጭነህ ያቆምክ ጊዜስ? ሽቦው?»

«እሷ። ሁሉንም እሷ።»

ጁማሽ ፊቱ ተለዋወጠ። በየሻይ ቤቱ ሃያ ዓመት ግድም ለሰው ያወራውን አንድ በአንድ እየቆጠረ ይመስላል። ቅር ብሎታል፤ ወንበር ታሞቃለች ማለቱም ትዝ ብሎታል መሰል ዓይኑን ወደ በረዶው መለሰ። ባትማካን ግን ቀረብ አለች።

«ለምንድነው ለሰው ያልነገርክላት?»

«አትንገር ያለችኝ መጀመሪያ እሷ ናት፣ ተሳፋሪ እንዳይርቀኝ ብላ።» ኤሰንኩል እጁን በጨርቁ ጠረገ፤ አልጠራለትም። «ኋላ ግን እትዬ፣ እኔ ደስ አለኝ። ሰው ሲያደንቀኝ ደስ አለኝ። እሷ በመስኮት ታያለች፣ እኔ እደነቃለሁ። አንድ ቀን እነግራለሁ ስል ስል ሞተችብኝ።»

ባትማካን አልገሠጸችውም፣ አላጽናናችውምም። ኬንጄካን ልጅ ሆና የሦስተኛ ጎረቤት ወተት ሲያር ከቤቷ ሆና ትናገር እንደነበር፣ ቀባጣሪ እያሉ ጆሮዋን ይቆነጥጧት እንደነበር ነገረችው። ረስታው የኖረችው ነገር ነው። ተናግራ ስትጨርስ ጨርቋን አስተካክላ ያዘች።

«በሙሾ ላወርደው ነው እንግዲህ። ወንዶቹ ደጅ ቆመው ይሰማሉ።»

«ያውርዱት፣ እትዬ። ወንዶቹም ይስሙ።»

ኤሰንኩል የኬንጄካንን የጣት ምልክትና የክዳኑን ነገር አንድ በአንድ እየነገራት ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ወረዱ። ጁማሽ በየኩርባው አየር እየሳበ፣ ሳይጠየቅ፣ ምንም የለም፣ ንጹሕ ነው ይላል። ድምፁ እንደ ሥራ ጀማሪ ጥብቅ ብሎ ነበር። ኤሰንኩል በየጊዜው አመሰገነው። ጉልበቱ ግን ያው እንደበረደው ነው።

ኮችኮር ሲደርሱ ወንዶቹ በተርታ ቆመዋል። ባትማካን ከበሩ ጀምራ እየጮኸች ገባች፤ ሴቶቹ ወጥተው ተቀበሏት፣ ይዘዋት ወደ ድንኳኑ ገቡ። ኤሰንኩል ከሰልፉ ጫፍ፣ ከሽማግሌው ቤይሼናሊ ጎን ቦታውን ያዘ። መጀመሪያ የተሰማው የተለመደው ልቅሶ ነው። ቀጥሎ ድምጿ ጠራ፣ ሌሎቹ ሴቶች ዝም አሉላት።

«አራት ጣትሽ ነበር መኪናውን የነዳው፣
እሱ መሪ ይዞ ስሙን ነው የወሰደው።
የስንቱ ሰው ነፍስ ባንቺ አፍንጫ ተርፎ፣
ምስጋናው ሄደ ለባልሽ አልፎ።»

በሰልፉ ውስጥ ይተላለፍ የነበረው ሻይ ቆመ። ሰዎቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ ወደ ኤሰንኩል ዞሩ። ባትማካን ቀጠለች፤ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ፀጉሩ፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ክዳኑ አወረደችው፣ አንድም አላስቀረችም። ጁማሽ መሬት መሬት እያየ ቆሟል።

«ይህ እውነት ነው?» አሉ ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እውነት ነው፣ አባቴ። የእኔ የምትሉት አፍንጫ የእሷ ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመት ዋሸኋችሁ። ሐሙስ ለትም ሽታው ወጥቷል ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

 ቤይሼናሊ ምርኩዛቸውን ከድንኳኑ ጋር አስደገፉ።

«እንግዲያው እንደገና ዱዓ እናድርግላት» አሉ። «ያን ጊዜ ያደረግነው ለማናውቃት ሴት ነው።»

መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ሰልፉ ሁሉ ዘረጋ። ሽማግሌው ስሟን ጠርተው ለመኑላት፤ ኬንጄካን ያሉትም ዛሬ ገና እንደተዋወቋት አድርገው ነው። ሲጨርሱ ሁሉም መዳፉን ፊቱ ላይ አሳለፈና እጁን አወረደ። ኤሰንኩል ግን አላወረደም። በበረዶም በጨርቅም ያልጠራው ጥቁር ዘይት አሁንም ጣቶቹ መካከል አለ። ሁለት መዳፉን አፍንጫው ላይ እንደከደነ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ደረቱ እስኪሞላ ሳበ፤ ምንም አልመጣለትም፤ ደግሞ ሳበ።